የታፔላዬ ሰውዬ

ስለዚያ ሰውዬ ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ጥቁር ጢም አለው። ሰማያዊ ቱታ ለብሷል። በቀኝ እጁ ካቻቢቴ ጨብጦ፣ አንዳች ነገር ሠርቶ የጨረሰ ይመስል ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ገንዳ ውሃ ከተማ በከፈትኳት የፍሪጅ ጥገና ሱቅ በር ላይ ተሰቅሎ አንድ በጋ ሙሉ እንጀራዬን ሲሻማኝ ከረመ። አልቀጠርኩት፣ አላውቀው፣ ና አላልኩት። ታፔላ ላይ የተሣለ ሰው ነው እኮ፣ ቀለም ነው! አገሩ ግን እሱን አይቶ እኔን ሳያየኝ ቀረ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ወላጆቼ ከጎጃም ወርደው ቆላ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳሉ። እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ መተማ ወረዳ ገጠሩ ውስጥ ነው። ጎንደር ሄጄ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የፍሪጅ ጥገና ተማርኩና እዚያው አንድ ጥገና ቤት ተቀጥሬ አራት ዓመት ሠራሁ። ሠራሁ ማለቱ ራሱ ያናድደኛል። ደንበኛ ሲኖር አለቃዬ ካቻቢቴውን ይይዛል፣ እኔ ባትሪ አበራለታለሁ። ደንበኛው ሻይ ሊጠጣ ዞር ሲል እሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ከፍሪጁ ሥር እገባለሁ። ደንበኛው ሲመለስ አለቃዬ ንጹሕ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይቀበለዋል። እኔ ደግሞ ባትሪዬን ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ «ይቺን ልጅ ባትሪ ማብራት ብቻ ነው ያስተማርካት?» ብሎ ሲስቅ አለቃዬም አብሮ ሳቀ። በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቀቅሁ።

ቆላው ደግሞ ለእኔ ሙያ የተመቸ አገር ነው። መጋቢት ላይ ገንዳ ውሃን ያላየ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ከጥላ ሥር የዋለ የጄሪካን ውሃ እንኳ ያቃጥላል። ፍሪጅ የሌለው ሱቅ የለም፣ መብራት ሄዶ በጉልበት ሲመለስ ደግሞ ፍሪጁን ያቃጥለዋል። ያኔ ባለ ሱቁ ወይ ከጎንደር ሰው ያስመጣል፣ ወይ ፍሪጁን ቁም ሳጥን አድርጎ ልብስ ያስቀምጥበታል። በጥር መጨረሻ ዕቃዬን ጠቅልዬ መጣሁና ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ሙቀቱ ይበርዳል፣ የዋልካው ጭቃ መንገዱን ይዘጋዋል፣ ክረምቱን ፍሪጅ የሚያስጠግን የለም። እስከ ሰኔ ሰው ካላወቀኝና ቋሚ ደንበኛ ካልያዝኩ የሱቁን ቁልፍ መልሼ ጎንደር መግባት ነው። እንደገና ባትሪ ልይዝ።

እንግዲህ በባዶ ኪስ እንዴት ልታወቅ? ኢንተርኔት ላይ ለጥፊ ይሉኛል፤ ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ኖሮ ሳምንት ይጠፋል። ወረቀት አባዝቼ፣ ሙጫ ላለመግዛት ዱቄት በውሃ አማስዬ በየመብራት ምሰሶው ለጠፍኩ። በማግስቱ ስወጣ አንድም የለ። የሰፈሩ ፍየሎች በኋላ እግራቸው ቆመው ዱቄቱን ከነወረቀቱ፣ ከነስልክ ቁጥሬ በልተውታል። የመጨረሻውን አንዷ ዓይኔ እያየ ስታላምጠው ደረስኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ከኋላ መስታወቴ ላይ ልለጥፍልሽ አለኝ። ደስ ብሎኝ የእናቱን ፍሪጅ በነጻ ሠራሁለት። በሳምንቱ ባጃጁን ለአብደራፊ ሰው ሸጦ ቁጭ! ማስታወቂያዬ አብደራፊ ትራክተር መሃል ይዞራል፣ እኔ ገንዳ ውሃ ዝንብ አባርራለሁ።

ቀጥሎ የሄድኩት ወደ እድራችን ጥሩንባ ነፊ ነው። የሰፈራችን እድር ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሁሉንም የያዘ ነው፤ እኔም ክፍሏን እንደተከራየሁ ተመዝግቤያለሁ። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊው እየነፉ ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ፣ ማን እንደሞተና ለቅሶው የት እንደሆነ ይናገራሉ። ድምፃቸው ሲሰማ ጥርሱን የሚፍቅ መፋቂያውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ይቆማል፣ የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ዝም ይላሉ። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ቤታቸው ሄድኩና በገበያ ቀን አንዲት ዙር ብቻ ዞረው እንዲናገሩልኝ ለመንኳቸው። ስኳሩን ተቀበሉና እኔን ገሠጹኝ።

«ልጄ፣ ይህ ጥሩንባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ዛሬ ለፍሪጅ ብነፋው ነገ ለሬሳ ስነፋው ማን ተነሥቶ ይመጣል?»

እውነታቸውን ነው። ቢሆንም እየነደድኩ ወጣሁ፣ ስኳሬም እዚያው ቀረ።

የቀረኝ ታፔላ ነበር። ከተማው ውስጥ የታፔላ ሥራ የሚሠራ አንድ ሠዓሊ አለ፤ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለው ታፔላ በሙሉ የእሱ እጅ ነው ማለት ይቻላል። «ፍሪጅና ፍሪዘር ይጠገናል» ብለህ ጻፍ፣ ከሥሩ ስልኬን አድርግ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩት። ዕቃ ልገዛ ጎንደር ደርሼ ስመለስ ታፔላው ተሰቅሎ አገኘሁት። ጽሑፉ ከጥግ ተጨምቋል፣ መሃሉን ሰውዬው ይዞታል። ማነው ይሄ ብዬ ሠዓሊውን ጠየቅሁት። ባለሙያው ነዋ አለኝ። ባለሙያዋ እኮ እኔ ነኝ አልኩት። እሱማ አውቃለሁ፣ ግን ሴት ከሣልኩበት ሰው ጸጉር ቤት ይመስለዋል፤ ደግሞ ለጽሑፉ ብቻ ነው ያስከፈልኩሽ፣ ሰውየውን በነጻ ነው የሠራሁልሽ አለኝ። ውለታ መዋሉ ነው እኮ! አፍርሰህ ሥራው እንዳልል ኪሴ ባዶ ነበር።

በዚያ ላይ ለሰውዬው ቦታ እንዲበቃው ብሎ ቆርቆሮውን በእጥፍ አሳድጎታል። ለማዘጋጃ ቤት የታፔላ ክፍያ በስፋቱ የሚሰበስበው ሰው ሜትሩን ይዞ መጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው። ጢሙም፣ ቱታውም፣ ፈገግታውም ተለክቶ እኔ ከፈልኩ። ፊቱን የሆነ ቦታ ያየሁት መስሎኝ ነበር፣ ግን ንዴቱ አላስተውል አለኝ።

ታፔላው ሠራ፤ ይህን አልክድም። ስልኬ መጮኽ ጀመረ። አነሳለሁ፤ ባለሙያውን አቅርቢልኝ ይላሉ። እኔ ነኝ ስላቸው ይስቃሉ፣ ወይ ምንም ሳይሉ ይዘጉታል። አንድ ባለ ምግብ ቤት ሦስት ጊዜ ደዋውሎ በሦስተኛው፣ እባክሽ ባልሽን አትደብቂብን አለኝ። ስንት ሥራ እንዲህ አመለጠኝ። በኋላ እኔም ተንኮል ለመድኩ። ጥፋት ነው፣ ጥፋቴን አልሸሽግም። ባለሙያውን ሲሉኝ እሺ ይመጣል እላለሁ፣ ከዚያ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ራሴ እሄዳለሁ። እሱስ ሲሉኝ መንገድ ላይ ነው፣ እስኪደርስ ጀምሪ ብሎኛል እላቸዋለሁ። እሱ እስኪደርስ እኔ ጨርሼ እወጣለሁ። እንጀራ ነው፣ ምን ላድርግ!

ረመዳን የገባው በዚያው በመጋቢት ሙቀት ነው። ከመስጊዱ አጠገብ ሱቅ ያላቸው አንዲት ሐጃ ነበሩ፤ ከሱዳን ጋር ነግደው የኖሩ፣ መካ ደርሰው የተመለሱ፣ ከተማው ሁሉ የሚያከብራቸው ሴት። ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ፍሪዘራቸው ቆመ። ለኢፍጣር የሚሸጡት ውሃና ጭማቂ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ልጃቸው ደወለልኝ፣ እንደ ልማዴ ይመጣል አልኩና ሄድኩ።

ሐጃ በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸው ጾመኛ፣ እኔ በላብ የተነከርኩ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፕረሰሩን የምታስነሳውን ሪሌ የምትባል ትንሽ ዕቃ አቃጥሏታል፤ ጋዙም በአንድ ስንጥቅ ወጥቶ አልቋል። ቧንቧውን በየድኩ፣ ጋዝ ሞላሁ። የሪሌዋን ልክ ስላላገኘሁ ጎንደር ለሚገኝ ዕቃ ሻጭ ደውዬ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ፣ የትኛዋ እንደምትተካት ጠይቄ ቦርሳዬ ውስጥ ካሉት መርጬ ገጠምኩ። ከመግሪብ በፊት ፍሪዘሩ በረዶ መያዝ ጀመረ። ሐጃ እጃቸውን አስገብተው ቅዝቃዜውን ሲነኩ «ያ ሰላም» አሉና እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ለማን ዱዓ እንዳደረጉ አልጠየቅሁም። ለእኔ መስሎኝ።

በረመዳን በከተማችን ወንዶቹ ከየቤቱ ምግብ አውጥተው መንገድ ዳር ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ መግሪብ ሲል አላፊ አግዳሚውን፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ እጁን እየጎተቱ ያስቀምጡታል። ከሱዳኖቹ የመጣ ልማድ ነው ይላሉ። የከተማው ወሬ የሚሰራጨው እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው፤ ከዚያ የተወራ ነገር በማግስቱ መተማ ዮሐንስ ኬላው ድረስ ይሰማል። በዚያ ቀን የሐጃ ልጅ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያዞር ታሪኩን አወራ። ሴት እዚያ አትቀመጥምና እኔ የሰማሁት በማግስቱ ከደወለልኝ ሰው ነው። የሐጃን ፍሪዘር ጎንደር ተቀምጦ፣ በስልክ እየነገረ፣ በልጅቷ እጅ ያስጠገነውን ሙሀንዲስ ፈልጌ ነበር አለኝ። በልጅቷ እጅ! ሐጃ አራት ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩት ይህን ነው። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ከዒድ በኋላ የሐጃ ልጅ በረዶ ቤት ሊከፍት ተነሣ። አሥር ትልልቅ ፍሪዘር አስገብቶ በረዶ ለእርሻ ለሚወጡ ትራክተሮች፣ ለአውቶቡስ መንገደኛ፣ ለሱቆች ሊሸጥ ነው። አሥሩንም ፍሪዘር ዓመት ሙሉ የሚከታተልለት ባለሙያ ፈለገ። ክረምት ከበጋ የማይቋረጥ ሥራ! ይህን ከያዝኩ ሱቄ አለች፤ ካልያዝኩ ባትሪ።

መጣ። ባለሙያው አለ ወይ አለኝ። ተንኮሌን ትቼ፣ ቀጥ ብዬ፣ እኔ ነኝ አልኩት፤ የእናትህንም ፍሪዘር የሠራሁት እኔ ነኝ። ፈገግ አለና እሺ ለእሱ ንገሪው ብሎ ሄደ። በሳምንቱ ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ነገርኩት፣ ደግሞ ፈገግ አለ። ሦስተኛ የመጣው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በደረቴ ተኝቼ የአንድ ፍሪጅ ኮምፕረሰር እየፈታሁ፣ ግሪሱ እስከ ክርኔ ደርሷል። እንዲያ ሆኜ እያየኝ፣ ከእግሬ ሥር ቆሞ፣ ቀና ብሎ ታፔላውን አየና ዛሬ ካላገናኘሽኝ ከጎንደር ሌላ ሰው ላስመጣ ነው አለ። «ሰውየው የት ነው ያለው?»

«ሞቷል» አልኩት።

ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። እጁን አናቱ ላይ ጫነ፣ ኢና ሊላሂ አለ። ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ ያኔ ቀልዴን ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እልህ ይዞኝ ነበር። እስቲ እሱ ከሞተ እኔ እታያችሁ እንደሆነ ብዬ ወደ ኮምፕረሰሬ ዞርኩ። እግሩን እየጎተተ ወጣ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ጥሩንባ ሰማሁ። ማን ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። የፍሪጅ ሠሪዋ ባለቤት ስላረፉ ለቅሶው ከመናኸሪያው በላይ ነው ይላሉ ጥሩንባ ነፊው፣ ያንኑ ለፍሪጅ አይነፋም የተባልኩበትን ጥሩንባ እየነፉ።

ሮጬ ስወጣ ሴቶቹ ደርሰዋል። የሞተ ሰው የለም አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ወይኔ እኅቴን፣ ልቧ አልቀበል ብሏት ነው አለች አንዷና አቀፈችኝ። ባል የለኝም እኮ አልኩ። ይህን ስል ጭራሽ ለቅሶው ደመቀ፤ አዎ፣ ከእንግዲህ የለሽም አሉኝ። በእኛ አገር ሐዘንተኛ የምትለውን ማንም አይሰማም፣ ይይዟታል እንጂ። ዕቃዬን ነጥቀው፣ ነጠላ አልብሰው፣ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ፤ ልነሣ ስል ሁለት ሴቶች ይጫኑኛል። ወንዶቹ ድንኳን ተከሉ፣ አግዳሚ ደረደሩ። ሱቄን የከፈትኩ ዕለት አንድ ሰው እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ያልገባባት በር ላይ መቶ ሰው ተኮለኮለ። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ ከገጠር ደወለች። ሳትነግሪን አግብተሽ ብላ ጀመረች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ለመሆኑ የማን ልጅ ነበር ብላ ጨረሰች።

ሐጃ ሲመጡ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። አጠገቤ ተቀመጡና እንባቸውን በመጎናጸፊያቸው እየጠረጉ አወሱት። የተባረከ እጅ ነበረው አሉ፤ በጾሙ ሙቀት ስንቱን ጾመኛ ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጣ፣ አላህ ጀነት ይስጠው አሉ። ሴቱ ሁሉ አሜን አለ።

«እማማ ሐጃ» አልኳቸው፣ «እኔ ነኝ የሠራሁት። አጠገቤ ተቀምጠው አልነበረም እንዴ?»

እጄን ይዘው ዳበሱኝ። «አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «አንቺ ነበርሽ፣ እሱ በስልክ እየነገረሽ።»

ካዘኑልኝ ሁሉ እንደ እሳቸው ያቃጠለኝ የለም።

ይህን ጊዜ የእድሩ ሰብሳቢ መዝገባቸውን ይዘው ገቡ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና የሟቹን ስም፣ አስከሬኑ ያለበትን፣ ቀብሩ የት እንደሚሆን ጠየቁኝ። ሴቶቹ እጃቸውን ከትከሻዬ አነሡ፤ ከጠዋት ጀምሮ እንድናገር የተፈቀደልኝ ያኔ ነው። ተነሥቼ ታፔላውን ጠቆምኩ። ሟቹ እሱ ነው፣ ስም የለውም፣ የሣለው ሰው እዚያ ተቀምጧል፣ እሱን ይጠይቁት አልኩ።

ሠዓሊው አግዳሚው ጫፍ ላይ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እሱም ለቅሶ ሊደርስ መጥቷል! ራሱ ለሣለው ሰው! ባለቤቷ አረፉ ሲባል እውነት ባል የነበረኝ መስሎት ነው። ሰብሳቢው ቢጠይቁት ተንተባተበ። ከራሴ ነው የሣልኩት አለ፤ ሰው ስሥል የምሥለው ያንኑ አንድ ሰው ነው፣ ሌላ ፊት አይወጣልኝም አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ መንገዱ ማዶ ዘረጋ። ለቀስተኛው በሙሉ ዞረ። ከማዶ፣ ጸጉር አስተካካዩ ታፔላ ላይ፣ ያው ሰውዬ በዚያው ጢም፣ በዚያው ፈገግታ፣ ካቻቢቴውን በመቀስ ለውጦ ቆሟል። ቀጥሎ ካለው ልብስ ሰፊ በር ላይ ደግሞ ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ ይስቃል። ያየሁት የመሰለኝ ፊት ለካ እሱ ኖሯል። ከተማው ስንት ዓመት በፊቱ ሲመላለስ ኖሮ አንድ ሰው አላወቀውም።

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ቁጣው መጣ። ሞት በከንቱ ይጠራል ወይ አሉ ሰብሳቢው። ጥሩንባዬን አዋረድሽው አሉ ጥሩንባ ነፊው። የሐጃ ልጅ ፊቱ ቀልቶ ተነሣ፣ በሰው ፊት ዋሽተሽ አዋረድሽኝ አለኝ። እኔም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነበር። እሱ ዋሸሽ ሲለኝ ግን አልቻልኩም።

«ሁለት ጊዜ እውነቱን ነግሬህ ሁለት ጊዜ ሳቅህብኝ» አልኩት። «አንድ ጊዜ ብዋሽህ አገር ሰብስበህ መጣህ። ለሌለ ሰው ድንኳን ስትተክሉ አንድ ሰዓት አልፈጀባችሁም። እኔ ከጥር ጀምሮ እዚህ በር ላይ ቆሜያለሁ። ማን አየኝ?»

ሐጃን አየኋቸው። እጆቼን እያዩ ነበር፣ ግሪሱ ገና አለቀቀም። ከዚያ ተነሡና ጥለውኝ ወጡ። በዚያ ቀን ከሆነው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

ሽማግሌዎቹ ጥግ ይዘው መከሩና ቅጣቴን ነገሩኝ። ጥሩንባው በውሸት ስለተነፋ በእውነት ተነፍቶ ይታረማል። ጥሩንባ ነፊው ሰፈሩን በሙሉ ይዞራሉ፣ እኔም ሰው እያየኝ ከኋላቸው እየሄድኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥሩንባ ነፊው ጥሩንባዬ ለሬሳ እንጂ ብለው ተቃወሙ። ሰብሳቢው ግን ላልሞተ ሰው ነፍተው የለ፣ በሕይወት ላለች ሰው ቢነፉ ምን ይሆናል አሏቸው።

በማግስቱ ጠዋት ዞርን። ሐፍረት ይሁናት ብለው ለቀጡኝ ቅጣት ቱታዬን ለብሼ፣ የዕቃ ቦርሳዬን በትከሻዬ አንግቼ ወጣሁ። እሳቸው በየማዕዘኑ ቆመው ይነፋሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ፦ «ትናንት አረፈ የተባለው ሰው የለም። ኖሮም አያውቅም። ፍሪጅ የምትሠራው ይቺ ከኋላዬ ያለችው ልጅ ናት። ሰው ስላስለቀሰች ይቅርታ ትጠይቃለች።» ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰዎች ከየበሩ ወጥተው ከእግሬ እስከ ራሴ ያዩኛል። ገበያው ጋ ስንደርስ እሳቸውም ነገሩ ጣማቸው መሰለኝ፣ የሐጃንም ፍሪዘር የሠራችው እሷ ናት የሚል ከራሳቸው ጨመሩ። አንዲት ቀዝቃዛ ውሃ ሻጭ እጄን ይዛ አስቆመችኝና ከቅጣትሽ ስትጨርሺ የእኔን ፍሪጅ እይልኝ አለችኝ። በአንድ ኪሎ ስኳር ያልተገኘው ዙር በውርደት ተገኘ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እየዞርኩ አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበኝ ነበር። እኔ መኖሬ እንዲታወቅ የግድ አንድ ወንድ መሞት ነበረበት?

የሐጃ ልጅ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ በሦስተኛው መጣ። ከጎንደር ያስመጣው ሰው ሁለት ቀን ሠርቶ ሙቀቱን አልቻልኩም ብሎ ተመልሷል። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ታፔላውንም አላየም። «አሥር ናቸው። መቼ ትጀምሪያለሽ?» አለኝ። ነገ አልኩት። ሠዓሊው በበኩሉ ታፔላዬን በነጻ ነጭ ቀብቶ የፍሪዘር ሥዕል አደረገበት። ሆኖም ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ያ ጢም ከነጩ ቀለም ሥር ይታያል።

በረዶ ቤት የመጀመሪያዬ ቀን ነበር። አንደኛው ፍሪዘር ውስጥ ጎንበስ ብዬ እየሠራሁ፣ ወደ እርሻ የሚወጣ አንድ የትራክተር ሹፌር በረዶ ሊገዛ ገባ። ቆሞ ሲያየኝ ቆየና አዘነልኝ። ነፍሱን ይማረው አለ፤ ደግ ሰው ነበር፣ ሳይሞት ሙያውን አስተምሮሻል አሉ። አሁንም! ጥሩንባ ተነፍቶ፣ ሰፈር ለሰፈር ዞሬ፣ አሁንም! ቀና ብዬ ልፈነዳበት አፌን ስከፍት ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ሐጃ ናቸው። ከድንኳኑ ከወጡ ወዲህ አይቻቸው አላውቅም።

«ማንም አላስተማራትም፣ በስልክም ማንም አልነገራት» አሉት። «እኔ አጠገቧ ነበርኩ። በእጇ ስትሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሹፌሩ በረዶውን ተሸክሞ ወጣ። ሐጃ ወደ እኔ ሳያዩ በርጩማቸውን ሳብ አድርገው፣ እንደዚያ ቀን አጠገቤ ተቀመጡ። መሬት ላይ ያስቀመጥኳትን ባትሪ አነሡ፣ አበሯት፣ ወደምሠራበትም ያዙልኝ።